የእሑድ ማስታገሻ

በዚያ ዘመን ሕክምና የሚማር ሁሉ አንገቱ ሥር ትንሽ ቺፕ ይቀበርለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው ሰው ሕመም እሱንም ያመዋል። ትርሲት ይህን ስለፈራች ፋርማሲ ልትማር አስባ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ግን «ልጄ ዶክተር ስትባል ሰምቼ ልሙት» ብለው ለመኗት፤ እሺ አለቻቸው።

ሐኪም ከሆነች ወዲህ ከሥራ ውጭ ሰው መንካት ትሸሻለች። ሳትሳቀቅ የምታቅፈው እናቷን ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ልትጠይቃቸው ስትሄድ አንዳች ሕመም ተሰምቷት አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ሳትደውል ሄደች። በር የከፈቱላትን እናቷን ስታቅፍ ሆዷን ሰቅዞ የያዛት ሕመም አንበረከካት። ሕመሙን ወዲያው ለየችው፤ በካንሰር ክፍል በየቀኑ የምታገኘው ነው።

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምና ጀምሮ። እሑድ ሳትመጪ በፊት ማስታገሻ እውጥ ነበር፤ እንዳያምሽ ብዬ።»

«እኔ እኮ ሐኪም ነኝ! ያኔ ባውቅ ኖሮ አድንሽ ነበር።»

ወይዘሮ ዘነበች አንገታቸውን ደፉ። «ምነው ፋርማሲውን ተይው ባላልኩሽ» አሉ። «በይ አሁን ልቀቂኝ፣ ያምሻል።»

ትርሲት ጥርሷን ነክሳ፣ አጥብቃ አቀፈቻቸው።