ከመቃኑ ላይ የደረቀው ሽበት

ጫካው ካለቀ ወዲህ የዛፍ ሽበት፣ ያ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ተክል፣ የሚለማው በማሻ ሰዎች ቤት፣ በበራቸው መቃን ላይ ነው። አረንጓዴው ሽበት ሲደርቅ በመጨረሻ የሰማውን ድምፅ ይዞ ይቀራል፤ ውሃ ሲነካው ያንኑ አንድ ጊዜ ተናግሮ ይረሳዋል። ከቤት የሚወጣ ሁሉ መልእክቱን ነግሮት ይሄዳል።

ናርዶስም ወንዙ በወሰዳት ቀን ነግራው ወጥታለች። እናቷ ጌጤነሽ መርዶውን የሰማችው ከገበያ ስትመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። ቤት ስትደርስ ሽበቱ ደርቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ አላስነካችውም። የዝናቡ ወጨፎ እንዳይደርስበት በሩን ዓመቱን ሙሉ ቀርቅራ ኖረች። "ልቤ ሲጠና እሰማታለሁ" ትል ነበር።

ለሙት ዓመቱ አማቷ እማማ አሰገደች ከገጠር መጡ። በእሳቸው አገር ሽበቱ የደረቀበት ቤት ሰው እንደሌለበት ይቆጠራል። ለቀስተኛ ሳይመጣ ምራታቸውን ከሰው አፍ ላስጥል ብለው በጣሳ ውሃ አርከፈከፉበት። ጌጤነሽ ጓዳ ቅመም ትወቅጥ ነበርና ከሙቀጫው ድምፅ በቀር የሰማችው የለም።

ብቅ ስትል ሽበቱ ለምልሟል። አሮጊቷ ጣሳውን እንደያዙ ከመቃኑ ስር ቆመዋል።

"ምነው እጄን በቆረጠው! የእሷ መሆኑን መች አውቄ፣ ልጄ!"

"ምን አለች፣ እማማ?"

አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"'እማዬ፣ ቶሎ እመለሳለሁ፤ በሩን እንዳትዘጊው' አለች።"

ጌጤነሽ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ መቀርቀሪያውንም ነቅላ ወደ ደጁ ጭቃ ወረወረችው። ዝናቡ እየገባ፣ ወለሉን አራሰው።