ያለ ሜትር የተሰፋ ጉርድ

ልብስ ሰፊዋ ለወንድ ልጇ ሠርግ ብላ የሰፋችውን ጉርድ ለብሳ መስታወቱ ፊት ደርቃ ቀረች። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ወገብ በዓይኗ ለክታ በአንድ ጣት እንኳ ተሳስታ አታውቅም፤ የራሷ ወገብ ላይ ሜትር ማዞር ግን እንደ እባብ ያስፈራት ነበርና ይሄንን በግምት ቆረጠችው። ወፍራም መሆኗን ማንም አይክድም። ሆኖም ጉርዱን በጡጫዋ ጨምድዳ ባትይዘው ኖሮ ወለሉ ላይ ይወድቅ ነበር።

"አልሄድም" አለች። "ቁጭ ስል ይተረተርና ልጄን በሰው ፊት አዋርደዋለሁ።"

"እማዬ፣ በሞቴ! ሰፍቶሽ እኮ ነው የሚወርደው!" አለች ሴት ልጇ። "መኪናው በር ላይ ቆሟል!"

"አታባብዪኝ፤ ዓይን አለኝ።"

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ወረወረች፤ የእናቷን ጡጫ አላቀቀችና የራሷን አንድ እግር፣ ቀጥሎም ሌላውን ጉርዱ ውስጥ አስገባች። ወገቡን ወደ ላይ ሳበችው። ለሁለት በቃ። እናትና ልጅ በአንድ ጉርድ ጎን ለጎን ቆመው መስታወቱ ውስጥ ታዩ።

"ይኸው! አሁንስ አመንሽ?"

እናት አየች፣ አየችና ሆዷን ሰብስባ ትንፋሿን ዋጠች።

"አጣበብኩሽ አይደል፣ ልጄ?" አለቻት።