የሱፍ ቤቱ ሰልፍ

ኮሮና ገብቶ ሰርግ ሲከለከል፣ የሙሽራ ሱፍ የሚያከራየው ሰውዬ ሥራ ፈታ። ልብሱን ብል ከሚበላው እኔ ልልበሰው ብሎ፣ በስተርጅናው ነጭ ሱፍ ከነከረባቱ ግጥም አድርጎ ሱቁ በር ላይ ይቀመጥ ጀመር። «ሙሽሪት የሌለችው ሙሽራ» እያለ በራሱ ይስቃል።

ብዙም ሳይቆይ ወረዳው ሌላ ትእዛዝ አመጣ፤ እጅ መታጠቢያ ያላስቀመጠ ሱቅ ይታሸጋል። ሰውዬው ደንበኛ ባይኖረውም ትእዛዝ አክባሪ ነውና፣ ሳሙና በካርቶን ገዛ፤ ከቤቱም ውሃ ያጠራቀመበትን ትልቁን በርሜል አስመጥቶ ደጁ ላይ ገተረው።

በማግስቱ ረጅም ሰልፍ ጠበቀው። «ተመስገን፣ ሰርግ ተፈቀደ!» ብሎ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ እጇን ታጠበች፣ የልጇን ፊት አጠበች፣ መርቃው ሄደች። በሰፈሩ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷልና ተከታዮቹም እንደዚያው አደረጉ።

ወዲያው የወረዳው ደንብ አስከባሪ ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ ሰው ሰብስበዋል!»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ አንድ ሰው እንኳ ወደ ውስጥ ቢገባልኝ በእልልታ ነበር የምቀበለው!»

ደንብ አስከባሪው አልሰማውም። በሩን ዘግቶ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት በኮላ ለጠፈበት። ኮላው ጣቶቹን ቢያጣብቅበት ጊዜ ሄዶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ተራው ሲደርስ ግን ሳሙናው አልቆ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ሌላ ሳሙና የለም እንዴ?»

«በካርቶን አለ እንጂ!» አለ ሙሽራው፣ ከረባቱን እያስተካከለ። «ሱቁ ውስጥ።»