የአሥራ አራት ሴቶች እጅ

«እህቶች፣ ድምፅ የሚሰጡት የምክር ቤቱ አባላት ብቻ ናቸው» አለ ከንቲባው። ማን ሰምቶት።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ልማድ ይዞት «የምትደግፉ ቀኝ እጃችሁን በማንሳት አሳዩ» አለ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንደሚባለው። እኛ የዩታ ሞርሞኖች ደግሞ ይህን ቃል ስንሰማ እጃችን እኛን አያስፈቅድም። ከኋላ ወንበር አሥራ አራት ሴቶች እንደ ሥርዓታችን ክርናችንን አጥፈን፣ መዳፋችንን ወደ ፊት አድርገን አነሳን። ስህተታችን ወዲያው ገብቶናል። ያወረደች ግን የለችም።

የሴቶች መረዳጃ ማኅበራችን የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌው ትምህርት ቤት ተከፍቶ ቤት የሌላቸው እናቶች ከነልጆቻቸው ክረምቱን ይደሩበት የሚል። ሦስት ወር ደጅ ጠናን። ዛሬም ጾመን ነው የመጣነው። ውጭ በረዶው ጀምሯል።

ሁለት አባላት ደግፈው እጃቸውን አነሱ። ሁለቱ እንደሚቃወሙ ቀድመው ተናግረዋል። የቀረው አምስተኛው ሜሪል ነው፤ የኔው ባል።

ጠዋት ቁርስ ላይ «ከየትም የመጣ ሰው ሊሰበሰብብን ነው፣ ዶሪን። መጀመሪያ የራሳችንን ሰው እንቻል» አለኝ። በሩን ደርግሜበት ወጣሁ። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር በር ደርግሜበት አላውቅም ነበር።

አሁን እኔን ላለማየት ወረቀቱን ያገላብጣል። ተናደድኩበት። እጄ ቢዝልም አላወርድልህም አልኩ በሆዴ።

አጠገቤ የተቀመጠችውን ወጣት እናት ያገኘናት ዛሬ፣ እዚሁ በር ላይ ነው። ዳርላ እባላለሁ፣ መኪና ውስጥ ነው የምናድረው ከማለቷ በቀር የምናውቀው የለም። ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች። እሷም አነሳች፤ ክርኗን አጥፋ፣ መዳፏን ወደ ፊት አድርጋ።

«ውይ፣ የኛው ልጅ ናት ለካ» አለችኝ በሌላ ጎኔ ያለችው የማኅበራችን እህት ሃዳው በሹክሹክታ።

ሜሪልም ቀና ሲል አያት። እጇን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ደግሞ እጇን አየ። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን አነሳ።

ሦስት ለሁለት። እህት ሃዳው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም።

ስብሰባው ሲበተን ሜሪል ወደኛ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ ልጅ? ከየትኛው አጥቢያ ነሽ?»

«ከየትም አይደለሁም፣ ጌታዬ» አለች ዳርላ። «ከኔቫዳ ነው የመጣነው። ቤተ ክርስቲያናችሁን ረግጬው አላውቅም።»

«እጅሽን እንደዚያ ያነሳሽውስ?»

«እሳቸውን አይቼ ነዋ» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «እንደዚያ የሚደረግ መስሎኝ። አጠፋሁ እንዴ?»

ሜሪል ዞሮ አየኝ። የምለው ነበረኝ፤ ግን ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሳየው አሳዘነኝና ተውኩት። ከንቲባው በወዲያ በኩል ቃለ ጉባኤውን እየፈረመ ነው።

«አላጠፋሽም» አላት በመጨረሻ።

ጎንበስ ብሎ ከልጅቷ እግር ወልቆ የወደቀውን ጫማ አነሳ። እንዳትነቃ እየተጠነቀቀ፣ ሽማግሌው ባሌ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አጠለቀላት።