ለሸፊ የሚላክ ፎቶ

ፎቶ አንሺው ታረቀኝ የሚኮራው በካሜራው ሳይሆን በዓይኑ ነበር። «ሰው በአፉ ይዋሻል፤ ፊቱ ግን እኔን አያታልለኝም» ይላል። አዲሱ ገበያ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው፣ ሐይቅና ዘንባባ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ሃያ ዓመት ሙሉ የጉለሌን ሰው ሲያስቀምጥ ኖሯል። ሙሽራው፣ የጳውሎስ ሆስፒታል ነርሶች፣ የቀበሌ መታወቂያ ፈላጊው፣ ሁሉም እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ኢታና የሚባል የሰፈር ልጅ በክራንች እየተደገፈ ገባ። ከሁለት ዓመት በፊት ከታረቀኝ ልጅ ከይገዙና ከጎረቤቱ ከኡሙሀኒ ልጅ ከሸፊ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደ ነው። አሁን አንድ እግሩን ሰሜን ግንባር ትቶ ተመልሷል። ለመሰናበቻ ወረቀቱ ጉርድ ፎቶ ፈልጓል።

«ቀና በል» አለው ታረቀኝ፣ መብራቱን እያስተካከለ።

ኢታና ቀና አላለም። «ጋሼ፣ ሸፊ አልፏል። አጠገቤ ነው የወደቀው። እናቱ ቤት ገብቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን አቃተኝ። ሌላ ሌላውን አውርቼ ወጣሁ። እርስዎ ጎረቤት ነዎት፤ ዘዴ አያጡም።»

ታረቀኝ እጁን ከመብራቱ ላይ አወረደ። «የእኔስ?» አለ።

«ይገዙ… ሌላ ክፍለ ጦር ተዛውሯል። ቦታው ሩቅ ነው፤ ደብዳቤ ይዘገያል።»

«ተመስገን» አለ ታረቀኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተመስገን በማለቱ አፈረ። ሦስት ጊዜ አነሳው። በሦስቱም ላይ የኢታና ዓይን መሬት መሬት ያያል። ጓደኛ ማጣት እንዲህ ያደርጋል ብሎ አዘነለት።

መርዶ የሚረዳው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው። ታረቀኝ ሦስት ማለዳ ተነሳ፤ ሦስቱንም ከበሩ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ኡሙሀኒ ራሷ መጣች።

ኡሙሀኒ ባሏ የሞተባት፣ ከስቱዲዮው ጎን ባለችው ሱቅ የምትተዳደር ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም። የሸፊ ደብዳቤ በታረቀኝ ፖስታ ሣጥን ይመጣል፤ እሱ ያነብላታል። እሷም ልጇ መልኳን እንዳይረሳው በየወሩ አንድ ፎቶ ተነስታ ትልክለታለች።

«ደብዳቤ አልመጣም?» አለች።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። «መጥቷል» ብሎ አረፈው።

አንድ ባዶ ወረቀት ከኤንቨሎፕ አውጥቶ አነበበላት። ሸፊ ደህና ነው፤ የላኩለት በሶ ደርሶታል፤ ብርዱንም ለምዶታል።

«ስለ ይገዙ ምንም አይልም?»

«ምንም። የእኔው እኮ ተዛውሯል።»

«እሱም…» ብላ ተወችው፤ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ታረቀኝ የናፍቆት እንባ መሰለው።

በዚህ ሁኔታ አራት ወር ሄደ። በየወሩ ባዶው ወረቀት ይነበባል፤ ፎቶው ይታጠባል፤ ሰሜን በመሄድ ፈንታ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የይገዙ ደብዳቤ መጥፋት ታረቀኝን አላሳሰበውም፤ ይዘገያል ተብሏላ። ኡሙሀኒ ደግሞ ደግነቷ በዛ። ቆጮ ታመጣለታለች። «ይብሉ እንጂ፣ ከስተዋል» ትለዋለች። «ብቻዎን አይሁኑ፤ እህትዎ መጥተው ለምን አብራችሁ አትኖሩም?» ትለዋለች። በር ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለውን የይገዙን ፎቶ ባየች ቁጥር እንባዋ ይቀድማታል። የሰው ልጅ አይታ የራሷን ማስታወሷ ነው ይላል እሱ በልቡ።

እህቱ አፀደ እሑድ እሑድ ቁስቋም ተሳልማ ወደ እሱ ትወርዳለች። ነገሩን ስትሰማ ጮኸችበት።

«ኃጢአት እኮ ነው! እናት ልጇን ታልቅስ እንጂ። አንተን እንዲህ ቢደብቁህ ትወዳለህ?»

«እኔማ ወንድ ነኝ፤ ፊት ለፊት ይንገሩኝ ነው የምለው። ደግሞስ ማን ይደብቀኛል? ፊቱን አይቼ አውቅበታለሁ።»

«እንግዲያው ነገውኑ ንገራት።»

«እሺ። ነገ።»

በማግስቱ ኡሙሀኒ መጣች። እንደ ወትሮዋ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«የይገዙ አባት፣ ዛሬ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት» አለች።

ታረቀኝ ፊቷን አየና ክው አለ። የሐዘንተኛ ፊት ነበር። ሰምታለች፤ ክፉ አፍ ያለው ሰው ነግሯታል። አሁን፣ አራት ወር ሙሉ ለምን ዋሹኝ ልትለው ነው።

«መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ!» አለ እየተንተባተበ። «ደብዳቤ መጥቷል። የምሥራች እኮ ነው! ለመውሊድ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ሸፊ ሊመጣ ነው!»

ኡሙሀኒ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሊመጣ?»

«ለመውሊድ ይላል።» ከዚህ በኋላ እንዴት እንደሚመለስ ራሱም አያውቅም። ላቡን ጠረገና አለመስማቷን ሲረዳ ትንሽ ተነፈሰ። «እርስዎስ ምን ሊነግሩኝ ነበር?»

«ኧረ ምንም…» አለች። «ቆጮው ሳይደርቅ ይብሉት ልልዎ ነው።»

ከካሜራው ኋላ ቆመ። «ቀና ይበሉ፣ የሸፊ እናት። እንዲህ ዓይነት ዜና ሰምተውማ ይሳቁ እንጂ።»

ሦስት ጊዜ ሞከረ። ዓይኗን ከመሬት ማንሳት አልቻለችም።

«ዛሬስ ምን ነካዎት?»

«መብራቱ ነው» አለች።

ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጎረቤቷ ቡርቱካን ትጠብቃት ነበር። ገና ስታያት እጇን ያዘቻት።

«ነገርሻቸው?»

«አልቻልኩም» አለች ኡሙሀኒ። «ሸፊ ሊመጣ ነው ብለው ሲያበሥሩኝ፣ ኢታና ይገዙ ሞቷል ብሎኛል ብዬ በየት አፌ ልናገር?»