ከሥዕሉ ሥር ያለው ቁጥር

ሙዚየሙ አዲስ ያስገባቸው ሥዕሎች በተሰቀሉበት አዳራሽ፣ ልጅቱ የእናቷን ክንድ ይዛ ቀስ እያለች ታስጎበኛት ነበር። እናት ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር አይጠፋትም። ከሥዕሎቹ ሥር የተለጠፉትን ትንንሽ ካርዶች ስታይ ቆየችና፣ "ከዚህኛው ሥር አንድ ቁጥር፣ ከዚያኛው ሥር ሁለት፤ ለምንድነው?" አለች። ልጅቱ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር እንደዋዛ፣ "አንዱ ሠዓሊው የተወለደበት ዓመት ነው እማዬ፤ ሁለተኛው የሞተበት" ብላ መለሰች። እናት ለማታውቀው ሰው ከንፈሯን መጠጠች፤ "ነፍስ ይማር።"

መጨረሻው ግድግዳ ላይ የእናት ወንድ ልጅ፣ የልጅቱ ወንድም የሣለው ሥዕል ነበር፤ የቤታቸው በር፣ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለ ቢጫ ጃንጥላ። "ውይ ይሄ ሌባ! ጠፋብኝ ብዬ ሰፈሩን ያመስኩበት ጃንጥላዬ!" እናት ከት ብላ ሳቀች። "ይምጣ ብቻ፣ ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው።"

ልጅቱ ካርዱን ያየችው ያኔ ነው። ሰባት ወር ሙሉ መርዶውን ደብቀው፣ "ስልክ የማይገባበት ሩቅ ቦታ ሥራ ይዟል፤ ሰላምታውን በደብዳቤ ይልካል" ሲሏት ከርመው፣ ይቺን ካርድ ማንም አላሰባትም። ዘላ ካርዱን በጀርባዋ ከለለችው። "እማዬ ደክሞሻል፣ በቃ እንሂድ።" እናት ግን ትከሻዋን ይዛ ቀስ አድርጋ ፈቀቅ አደረገቻት። ቁጥሮቹን በጣቷ ነካቻቸው፤ አንድ፣ ሁለት። ሳቋ ገና ከፊቷ ላይ አልጠፋም ነበር።

"ታዲያ" አለች፣ "በየእሁዱ 'ሰላም ብሎሻል' ስትዪኝ የከረምሽው ማንን ነው?"