የንዳድ መስመር

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኪኒኑን ይዞ ከአንኮበር የማለዳ ጉም ወደ መሪጌታ ቤት ሲገባ፣ በመጀመሪያ መደቡ ላይ የተኛችውን ልጅ እጅ ያዘ። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ፣ ትርታውም ጠፍቶ ነበር። ቆላ ወርዳ ከአልዩ አምባ ገበያ ታማ የተመለሰችውን ልጅ ማታ ሲለካት ሙቀቷ ከአርባ አልፎ ስለነበር፣ አባቷ መሪጌታ ለምነውት የትኩሳት መለኪያውን በብብቷ ትቶላቸው ነበር የሄደው።

«መሪጌታ፣ እንግዲህ ይጽኑ» አለ።

«ለምኑ ነው የምጸናው?» አሉ ሽማግሌው፣ መለኪያውን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ይዘው። «ቅዝቃዜዋ አያታልልህ። የቆላው ትኩሳት ንዳድ የተባለው ከነድ ወጥቶ ነው፤ ነድ በግእዝ እሳት ነው። አመድ የለበሰ ፍም ከላይ ሲዳስሱት ይቀዘቅዛል፤ እፍ ሲሉት ግን አለ። እየው፣ አሁንም ከአርባ አልወረደችም!»

የመለኪያው ብርማ የሜርኩሪ መስመር እውነትም ማታ በቆመበት ቆሞ ነበር። አንዴ የወጣ መስመር ካላራገፉት በቀር እንደማይወርድ፣ ትኩሳቱም ባለትኩሳቷም ከሄዱ በኋላ ብቻውን ሲመሰክር እንደሚቆይ ድሬሰሩ ያውቃል። ይህንኑ አራግፎ ሊያሳያቸው መለኪያውን ተቀበለና እጁን አነሳ። መስታወቱ ከሽማግሌው መዳፍ ሙቀት ወስዶ ኖሮ፣ በጣቶቹ መካከል እንደ ሕያው ገላ ሞቀው።

መሪጌታ የእጁን አንጓ ጨበጡ።

«ተው ልጄ» አሉ በለሆሳስ። «አታራግፈው፤ ታጠፋታለህ።»